በሬውን የጫንንበት ቅዳሜ

እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ አጎቴ ሌባ ነው ብዬ አምን ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቤታችን በመጣ ቁጥር ግን ደብተሬን ሰብስቤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። እሱ "ይቺ ልጅ ዓይን አፋር ናት" ይልና ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል፤ እኔም ከረሜላውን ተቀብዬ እበላለሁ እንጂ ስርቆቱን ይቅር አልለውም። የሰረቀው የአባቴን ሞተር ሳይክል ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ፣ አባቴ ራሱ መሪውን ይዞለት።

አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አጎቴም ከሞተ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሌባ እንዳልነበር ካወቅሁ ቆየሁ። የዚያን ቅዳሜ ነገር ጠንቅቄ አውቃለሁ ብዬም ነበር፤ ካለፈው ወር በፊት ብትጠይቁኝ አንድም ሳላስቀር እነግራችሁ ነበር። እስቲ የማውቀውን ልንገራችሁና ያላወቅሁት ሲደርስ አብረን እናየዋለን።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሱቁ ከቤታችን ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል ሲሆን ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከዳር እስከ ዳር መስታወት፣ ከመስታወቱ ትይዩ ደግሞ ወረፋ የሚጠበቅበት ረጅም አግዳሚ ነበረው። አግዳሚው አንድ ወጥ ጣውላ ነው። ስንት ዓመት ስንት ሰው ተቀምጦበት እንደታጠበ ሳህን ያበራል፤ እኔም ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተንሸራተትኩ ስንት ቀሚስ ጨርሼበታለሁ። ሰፈሩ ስለ አባቴ ሲያወራ እጁ ወርቅ ነው ይላል። ምላጩን ሰው ጉሮሮ ላይ አድርጎ ቀልድ ያወራል፤ ደንበኛው መሳቅ አይችል፣ አለመሳቅ አይችል፣ ዓይኑ ብቻ እንባ ያቀርራል። ለኔ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ችሎታ አልነበረም።

ሞተር ሳይክሉ ከሱቁ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ነው፤ እናቴ ከሱቁም ቀድሞ ነው ትላለች። አሮጌ፣ ጥቁር፣ ሦስት ሰው ተጋግዞ ከመሬት የማያነሳው ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ቀን ሲያየው "ይኼ ሞተር አይደለም፣ በሬ ነው" አለ፤ ስሙም በዚያው በሬው ሆኖ ቀረ። አመሻሽ ላይ አባቴ ወደ ግቢ ሲያስገባው በሬውን ማስተኛት የኔ ሥራ ነው። ከቤንዚን ታንከሩ ሥር በግራ በኩል አንዲት ትንሽ መክፈቻ አለች፤ ወደ ታች ስትሆን ቤንዚን ይወርዳል፣ ወደ ጎን ስትዞር ይዘጋል። አባቴ ሲያስተምረኝ፣ ይቺ ተዘግታ ሞተሩ ቢነሳ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረችው አንድ ጉንጭ የምታህል ናት፣ እሷን ጨርሶ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል ብሎኛል። እኔን አለቃ ይለኝ ነበር። ያለ አለቃ ፈቃድ በሬው አያድርም እያለ ለደንበኞቹ ያወራል፤ እኔም ቀልድ መሆኑን ስላላወቅሁ ሥራዬን በጣም አከብረው ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ግድም የአባቴ ግራ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገርኩም። በሬው ላይ ከፊቱ ተቀምጬ ታንከሩን አቅፌ ስሄድ ቆይቼ ስወርድ የኔም እጅ ይነዝረኛል፤ እሱ ደግሞ ስንት ዓመት ነድቶታል፣ ስለዚህ ንዝረቱ እጁ ውስጥ ተጠራቅሟል። አንድ ቀን ይወጣለታል ብዬ ስለማምን አልጨነቀኝም።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን ወንዶች ሁሉ ጢም ማሳደግ ጀመሩ። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቀጥሎ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ። ልብስ ሰፊው ጆሮው ሥር ፕላስተር ለጥፎ ሰነበተና እሱም ጢሙን ለቀቀው። ፋሽን መሰለኝ። ትምህርት ቤት ቤተሰባችሁን ሳሉ ስንባል ለእናቴ ጭምር ጢም አደረግሁላት፣ አስተማሪዋ እስኪበቃት ሳቀች። ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እነዚያ ሰዎች የአባቴን ምላጭ ፈርተዋል፤ ሌላ ፀጉር ቤት ተላጭተው በሱ ደጅ ማለፍ ደግሞ ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ጢማቸውን አሳደጉ። አባቴ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያ ሁሉ ጢም ሲያልፍ ያይ እንደነበር አስታውሳለሁ። ደህና ዋሉ ይላቸዋል፤ ደህና ዋል ይሉታል፤ በጢማቸው ላይ ግን ቀልዶ አያውቅም፣ በሁሉም ነገር የሚቀልድ ሰው።

ከቅዳሜው በፊት ባለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አጎቴ መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ይኖራል፣ በፒክአፑ ብሎኬትና ቆርቆሮ ያመላልሳል። እናቴ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራ ስለነበር በዚያ ሰዓት ቤት መገኘቷ ራሱ ነገር እንዳለ ያስታውቃል። እኔ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ፤ ጆሮዬ ግን ውስጥ ነው። እናቴ፣ እኔ የምለው ሳይቃጠል በቅጠል ነው ትላለች። አጎቴ፣ በሬው እሱ ግቢ ቢቀመጥ ማንም እንደማይነካው ይምላል። አባቴ፣ እኔ ነኝ ብቻዬን የምጭነው አለ። አጎቴ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ፤ የሳቀ ሰው ግን የለም።

እኔ ከዚህ ተነስቼ ፍርዴን ሰጠሁ። አጎቴ በሬው ላይ ዓይኑን ጥሏል። እናቴ ለወንድሟ አድልታለች። አባቴን ደግሞ ይሉኝታ ይዞታል። እንግዲህ ለበሬው የቀረሁለት እኔ ነኝ ማለት ነው።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ እናቴና እኔ አንሶላ እያጠፍን ሳለ፣ የዚያን ሐሙስ ነገር ከነገረችኝ በኋላ ነው ትክክለኛውን ያወቅሁት። የአባቴን እጅ ያየው ሐኪም ሕመሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ ነግሯቸዋል። እናቴ አባቴን ሁለት ነገር ለመነችው፤ ከሞተሩ ውረድ፣ ሱቁን ደግሞ ሰው ሳይጎዳ ዝጋው። ሞተሩን ራሱ አባቴ ነው ውሰዱት ያለው፤ አጎቴንም ያስጠራው እሱ ነው። ሱቁን ግን እምቢ አለ። ምላጭ የምይዘው በቀኜ ነው፣ ግራዬ ጆሮ ቢይዝ ነው ሥራው አለ። በዚህ ሲከራከሩ ቆይተው መጨረሻ ላይ አባቴ አንድ ነገር አቀረበ። ቅዳሜ በሬውን ብቻውን ፒክአፑ ላይ ካወጣው ስለ እጁ ዳግመኛ አያነሱበትም፣ ሱቁም ይቀጥላል፤ ካቃተው በገዛ እጁ ይቆልፈዋል። አጎቴ ዳኛ እንዲሆን ተስማሙ። ያ ቅዳሜ የሞተሩ ጉዳይ አልነበረም፤ ሞተሩ እንደሁ በማናቸውም መንገድ ይሄድ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ነጭ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። ሞተር ለመጫን ነጭ ካፖርት የሚለብስ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ልቡ እዚህ የለም ብዬ አዘንኩለት። ልቡ በደንብ እዚያው ነበር። ከጭነቱ በኋላ እጁን ታጥቦ በቀጥታ ሱቅ ሊገባ ነው፤ ለአራት ሰዓትና ለአራት ተኩል ሁለት ሰው ቀጥሮ ነበር።

የጭነት ሥራ የሚያውቅ ሰው ከባድ ዕቃ ሽቅብ አይገፋም፤ መኪናውን ነው ዝቅ የሚያደርገው። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ወገብ የሚደርስ የአፈር ጉብታ አለ። ፒክአፑ ጀርባውን ለጉብታው ቢሰጥና የኋላ ስፖንዳው ቢወርድ የጭነቱ ወለል ከመሬቱ ጋር ይተካከላል፤ በሬው በዞረ መንገድ ጉብታው ላይ ይወጣና ቤቱ እንደሚገባ ሰው ዘው ይላል። አጎቴ ይህን በእጁ እያመለከተ አስረዳ። አባቴ አይሆንም አለ። እዚሁ ሜዳው ላይ፣ በጣውላ ነው የማወጣው አለ።

እኔ በጣም ደስ አለኝ። አባቴ እምቢ ማለት አፍሮ ሥራውን ሆን ብሎ እያከበደው ነው፣ አጎቴ ሰልችቶት ይሄዳል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ልብስ ሰፊውና ዳቦ ጋጋሪው እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲመጡም አባቴ እኔ ሳልሰማ በትህትና መለሳቸው፤ እነሱም ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ለሌባ አናግዝም ያሉ መስሎኝ አከበርኳቸው። እውነቱ ግን፣ በጉብታው በኩል ቢሆን በሬውን ማንም ሰው ገፍቶ ያስገባው ነበር፣ አራት ሰው ሲያግዝማ ጥያቄም የለው፤ ያ ደግሞ ስለ አባቴ እጅ ምንም አይመሰክርም።

ችግሩ አጎቴ ጣውላ አላመጣም። ጉብታውን ተማምኖ ነው የመጣው። ልብስ ሰፊው የመተኮሻ ጠረጴዛውን ሰሌዳ አቀረበ፣ አጠረ። የዳቦ ቤቱ ሰሌዳ ሳሳ። በመጨረሻ አባቴ አግዳሚው አለ አይደል አለ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር፤ እሱ ያንሸራትታል ስትል ሰማኋት፤ አባቴ ግን ወደ ግቢው ገባ። በሬውን ከግቢ አውጥቶ፣ ቤንዚኑን ከፍቶ አስነሳው፤ እስኪሞቅ ትንሽ ካቆየው በኋላ አጠፋውና ከአጎቴ ጋር አግዳሚውን ሊፈቱ ሱቅ ገቡ።

በሬው አጠገብ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሱቁ ውስጥ ብሎን ሲፈታ ይሰማል። ሞተሩ ገና ትኩስ ነው፣ ቲክ ቲክ ይላል። ማንም ወደኔ አያይም፤ ሰዎቹ ዳቦ ጋጋሪው በሚያወራው ነገር ተይዘዋል። ጎንበስ አልኩና መክፈቻዋን በአንድ ጣት ወደ ጎን ገፋኋት። አባቴ ቅድም ስለከፈታት ድጋሚ አያያትም ብዬ አሰብኩ። በሬው ይነሳል፣ አንዷን ጉንጭ ይጨርሳል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። እምቢ ያለውን በሬ ማን ይጭነዋል? ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩም።

ጣውላውን አመጡት። አንዱን ጫፍ የፒክአፑ ወለል ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ አደረጉ። ሞተር በጣውላ የሚያወጣ ሰው በስተግራው ቆሞ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን በግራ እጁ ቀስ በቀስ እየለቀቀ አብሮት ይሄዳል፤ ሞተሩ ራሱን ይጎትታል፣ ሰውየው ሚዛኑን ብቻ ይጠብቃል። ግን ሞተሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ሰውየው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ አባቴ አንድ ባዶ የለስላሳ ሳጥን በጣውላው ግማሽ ላይ አስቀመጠ፤ እዚያ ሲደርስ ሳጥኑ ላይ ይወጣል፣ ከሳጥኑ ወደ ፒክአፑ። አጎቴ በቀኝ በኩል፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። እንዳትነካው ተብሏል።

አባቴ አስነሳው። የፊት ጎማው ጣውላው ላይ ወጣ። እንዲያ ሲሠራ አይቼው ስለማላውቅ የቆምኩበትን ረሳሁ፤ ያ ሁሉ ክብደት በሁለት ጣቱ እንደሚታዘዝ ዓይነት ነበር የሚሄደው። ጣውላው ለጠጥ አለ፣ ቻለ። የፊት ጎማው የፒክአፑን ጠርዝ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አባቴ ቀኝ እግሩን ሳጥኑ ላይ አደረገ። እናቴ "ቀስ" ብላ ጮኸች። በሬው አንድ ጊዜ ሳል አለና ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። በሬው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ የፊት ጎማው ከጣውላው ወጣ፣ ወደ ቀኝ ወደቀ። አጎቴ ሊይዘው ገባ፤ በትከሻው ተቀበለውና አብሮት መሬት ሄደ። የበሬው የጎን መስታወት ተሰበረ፣ የአጎቴ እጅጌ እስከ ክርኑ ተቀደደ። ዳቦ ጋጋሪውና ልብስ ሰፊው ሮጠው በሬውን ከላዩ አነሱለት። አጎቴ ተቀምጦ ትከሻውን እያሻሸ ደህና ነኝ ደህና ነኝ ይላል።

አባቴ ሳጥኑ ላይ እንደቆመ ነው። ግራ እጁን አየው። ልክ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው አየው፣ ከዚያ የካፖርቱ ኪስ ውስጥ አስገባው።

የመጀመሪያው ስሜቴ ደስታ ነበር፤ አልዋሽም። ተሳካልኝ አልኩ። የደስታዬ ዕድሜ ግን አባቴ ከሳጥኑ እስኪወርድ ብቻ ነው። ከወረደ በኋላ አጎቴን "ሰው ጥራና ጫኑት" አለውና ሱቅ ገባ። አራት ሆነው፣ ፒክአፑን ከጉብታው ጋር አስጠግተው፣ ወዲያው ጫኑት። አጎቴ በአንድ እጁ ገመድ እየሳበ አራት ቦታ አሰረው። ሲሄድ ወደኔ እጁን አወዛወዘ፤ እኔ አላወዛወዝኩም። አባቴ አግዳሚውን በቦታው መልሶ ብሎኑን አጠበቀ፤ ለአራት ሰዓት የቀጠረውን ሰው ግን አላስተናገደም። ሰኞ ሱቁ ሳይከፈት ዋለ። ከሁለት ወር በኋላ ልብስ ሰፊው ሁለት የስፌት መኪና አስገባበት።

አባቴ በአንድ ትምህርት ቤት ደወል ደዋይ ሆኖ ተቀጠረ። የሱ ደወል ከሌላው ትንሽ ይረዝማል ብለው ተማሪዎች ይቀልዱ ነበር፤ እሱ ራሱ ነው ቀልዱን የጀመረው። እኔ በሬውን ስላጣ ልቡ ተሰብሮ ሱቁን የተወ መሰለኝ፣ አጎቴን በዚህም ጨምሬ ጠላሁት።

እንግዲህ በአሥራ ስድስት ዓመቴ እናቴ የውሉን ነገር ስትነግረኝ ምን እንደተሰማኝ ገምቱ። የአንሶላው ጫፍ ከእጄ ወደቀ። አባቴ ሊያሸንፍ አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር፤ እኔ በአንድ ጣት ሱቁን ዘጋሁት። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀድማኝ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ነኝ ያስደነገጥኩት፣ ምን አስጮኸኝ አለች። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እናቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ አባቴን ጠርታው አታውቅም። ምሳ ሲደርስ እንኳ የትም ቢሆን ሄዳ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች። እኔ የተኳረፉ ይመስለኝ ነበር።

አጎቴ ደግሞ ጣውላውን ነበር የሚከሰው። እስኪሞት ድረስ ያ የተረገመ ጣውላ እያለ ነው የኖረው፤ እንደ መስታወት ለስልሶ እያየሁት፣ ጣውላ ሳልይዝ የመጣሁ እኔ ይል ነበር። በዓመቱ ሲመጣ ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው፣ እንዳያንሸራትት አግድም አግድም እንጨት የተመታበት አዲስ ጣውላ። የሚጫን ነገር በሌለበት ቤት ጣውላውን ግድግዳ አስደግፎት ሄደ። እናቴ በኋላ ዶሮ ቤት ሠራችበት።

እኔ ማንንም አልከሰስኩም፤ ጥፋተኛውን አውቀዋለኋ። ልናገር ስል ዓመት ይጨመራል፣ ዓመት በተጨመረ ቁጥር ደግሞ መናገሩ ይከብዳል። ትዳር ያዝኩ፣ ሁለት ልጅ ወለድኩ። ሌላ ፀጉር ቤት በር ላይ ሳልፍ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት አባቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጥፍሩን እቆርጥለት ነበር። አሁን ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ግራው ይብሳል። የሚንቀጠቀጥን እጅ ጥፍር መቁረጥ ዘዴ አለው፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። አትጨብጪው፣ አብረሽው ሂጂ፣ ራሱ ረገብ የሚልበት አለ፣ ያን ጊዜ ቁረጪ ይለኛል። ከግራው ጀምረን አራት ጣት ጨርሰናል። እናቴ ውስጥ ተኝታለች። ለምን ያን ቀን እንደመረጥኩ አላውቅም። ምናልባት ጎንበስ ስላልኩና ፊቱን ስላላየሁት ይሆናል።

"አባዬ፣ በሬው የወደቀ ቀን ቤንዚኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

ቀና አልኩ። እሱ መንገዱን ነው የሚያየው፣ ፊቱ ላይ ምንም የተለየ ነገር የለም።

"ላስነሳው ስል እጄን ሰደድኩ፣ ተዘግቷል። ቅድም ከፍቼው ነበር እኮ። ቀና ስል አንቺ ጣትሽን ቀሚስሽ ላይ ትጠርጊያለሽ። አለቃ ፈቃድ ከልክላለች አልኩ በሆዴ። ሞተሩ እንዳይሄድ ፈልገሽ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያስ ምን፣ ከፈትኩታ።"

መቁረጫውን አስቀመጥኩት። አይደለም፣ ሞተሩ ሲስል እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ቤንዚን ጨርሶ ነው አልኩት። ፍሪሲዮኑን ድንገት የለቀቁበት ሞተርም እንዲያው ነው የሚስለው አለኝ። ሳጥኑ ላይ ስወጣ ግራ እጄ ለቀቀ አለ፤ ልቀቅ ሳልለው ለቀቀ፤ ደንግጬ መልሼ ስይዘው ጊዜ አለፈ። ይህን የሚነግረኝ ትናንት ስለዘነበው ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ሃያ ሰባት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ሲወርድ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ከአባቴ ጋር እንደ ልጅ መከራከር ጀመርኩ። ጣውላው ያንሸራትት ነበር አልኩ፣ እኔው ራሴ ስንት ዓመት በአጎቴ ጣውላ ስስቅ የኖርኩት። እማዬም ጮኻብሃለች፣ እሷ ናት ያስደነገጠችህ አልኩ።

"እናትሽ የጮኸችው እጄ ከለቀቀ በኋላ ነው" አለ። "አይታ ነው የጮኸችው።"

"ነግረሃታል?"

"ስንቴ! አታምነኝም።"

ግራ እጁ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ረገብ ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። ከዚያ ወደኔ ዞሮ በደንብ አየኝ።

"ስንት ዓመት ነው ይህን ይዘሽ የዞርሽው?"

"ሃያ ሰባት።"

"ስለዚህ ባንቺ ቤት" አለ ፈገግ ብሎ፣ "ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እጄ ደህና ነበር ማለት ነው።"

እውነቱን ነው። ለካ ጥፋቱን የሙጥኝ ብዬ የያዝኩት ለዚህ ነው። አጎቴም ጣውላውን፣ እናቴም ጩኸቷን። እጁ ላይ መፍረድ ስላቃተን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጥፋት ይዘን ተቀመጥን፤ እሱ ብቻ ያን ቀን እዚያው ሳጥኑ ላይ ቆሞ እውነቱን አየ። አለቀስኩ። አታልቅሺ አላለኝም፣ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

መቁረጫውን አንስቼ የቀረችውን አውራ ጣት ቆረጥኩ። ግራ እጁን ወደ ራሱ ወሰደና ቀኙን ዘረጋልኝ። ገና አምስት ጣት ይቀረን ነበር።